ቁልፉ ሣጥኑ ውስጥ እንዳይቀር፦ የሰርቨር ሴቲንግ ቅጂ የት ይቀመጥ?

የነጋዴው የዱቤ መዝገብ ከጠረጴዛ መሳቢያ ወጥቶ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ ሰንበት ብሏል። በብዙ የንግድ ቤቶች፣ አንዳንዴም በባለቤቱ መኖሪያ ቤት ሳሎን ጥግ፣ ቀን ከሌት የማትጠፋ አንዲት ሣጥን አለች። የፒችትሪው ሂሳብ፣ የዕቃው መግቢያና መውጫ፣ የደንበኞች ዝርዝር፣ የካሜራው ቀረጻ ሁሉ የሚያልፈው በእርሷ በኩል ነው። ባለሙያዎች ሰርቨር ይሏታል፤ ባለቤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ያቺ ኮምፒዩተር» ብሎ ያልፋታል።

የሣጥኗ ዋጋ በደረሰኝ ይታወቃል። ብትሰረቅ ወይም ብትቃጠል ገንዘብ ያለው ሰው በማግስቱ ሌላ ይገዛል። ደረሰኝ የሌለው በውስጧ ያለው ሀብት ነው። የዚህ ሀብት መጠባበቂያ ቅጂ፣ በተለምዶ ባክአፕ የሚባለው፣ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ዋናው ጥያቄ የት ተቀምጧል የሚለው ነው።

ሰነዱ ሌላ፣ ሴቲንጉ ሌላ

በሰርቨር ውስጥ ሁለት ዓይነት ሀብት አለ። የመጀመሪያው ሰነዱ ራሱ ነው፤ ሂሳቡ፣ ደረሰኙና የስም ዝርዝሩ ማለት ነው። ሁለተኛው ማሽኗ ሥራዋን እንዴት እንደምትሠራ የሚነግሯት ትእዛዞች ስብስብ ሲሆን ሴቲንግ ወይም ኮንፊገሬሽን ይባላል። ማን የትኛውን ፋይል ማየት ይችላል? ሽያጭ ሠራተኛዋ የምታትመው በየትኛው ፕሪንተር ነው? ራውተሩ ከውጭ ለሚመጣ የትኛውን በር ይከፍታል፣ የትኛውን ይዘጋል? የሶፍትዌሩ ስሪትና የፈቃድ ቁጥሩ ስንት ነው? የእነዚህ ሁሉ መልስ ያለው ሴቲንጉ ውስጥ ነው።

ብዙው ነጋዴ የመጀመሪያውን ሀብት ያስባል፣ ሁለተኛውን ይረሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሴቲንግ በአንድ ቀን ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። አንድ ወጣት ባለሙያ ዛሬ ፕሪንተሩን፣ በወሩ ካሜራውን፣ በዓመቱ የቅርንጫፉን መገናኛ እያገጣጠመ የሚያከማቸው ነው። ክፍያው በትንሽ በትንሹ ስለወጣ በባለቤቱ ዓይን እንደ ንብረት አይታይም። በወረቀት የጻፈውም የለም።

አንድ የጅምላ ነጋዴ ለምሳሌ እንውሰድ። ዓርብ ማታ ጠፍቶ የነበረው መብራት ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ የሰርቨሩን ዲስክ አቃጠለው። ነጋዴው የሂሳቡ ቅጂ በፍላሽ አለው፤ ስለዚህ ብዙ አልደነገጠም። ቅዳሜ አዲስ ማሽን ገዛ። ሰኞ ጠዋት ግን ችግሩ ተራ በተራ ብቅ ማለት ጀመረ። የተገኘው የፒችትሪ ስሪት ከቀድሞው የቆየ ስለሆነ ቅጂውን አልከፍትም አለ። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል የተጻፈው በተቃጠለው ዲስክ ላይ ነበር። ቅርንጫፉ ከዋናው መደብር ጋር መገናኘት አቃተው። ሰርቨሩን የዘረጋው ባለሙያ ወደ ዓረብ ሀገር ከሄደ ዓመት ሆኖታል። በዚህ መሐል አንድ ባለዕዳ መጥቶ «እኔ እኮ ባለፈው ሳምንት ከፍያለሁ» ይላል። ሂሳቡ ፍላሽ ላይ አለ፤ የሚያነበው ግን የለም።

የዚህ ነጋዴ ኪሣራ የዲስኩ ዋጋ አይደለም። ኪሣራው መዝገቡ ተዘግቶ የቆየባቸው ቀናት ሽያጭ፣ ያልተሰበሰበው ዱቤና ከደንበኛ ጋር የተፈጠረው ጭቅጭቅ ነው።

ትንሹ ፋይል

ደግነቱ ከሁለቱ ሀብቶች ለማስቀመጥ ርካሹ ሴቲንጉ ነው። የካሜራ ቀረጻ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትልቅ ዲስክ ሊሞላ ይችላል። የአንድ አነስተኛ ሰርቨር ሴቲንግ ግን በአመዛኙ ጽሑፍ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥም፤ በስልክ ከተነሱ ጥቂት ፎቶግራፎች ያነሰ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ቅጂውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቦታ ማስቀመጥ የሚጨምረው ወጪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በአንጻሩ የሚያድነው የሥራ ቀን ብዙ ነው።

አወጣጡም አስቸጋሪ አይደለም። በሊኑክስ በሚሠራ ሰርቨር አብዛኛው የሥርዓቱ ሴቲንግ የሚገኘው «ኢቲሲ» በሚባለው ማኅደር ውስጥ ነው። ሲኖሎጂን በመሳሰሉ የፋይል ማከማቻ ሣጥኖች ላይ የተጠቃሚዎችን ስምና የመግቢያ ፈቃድ የያዘ አንድ ፋይል ከማስተዳደሪያው ገጽ ማውረድ ይቻላል፤ ይህ ፋይል ግን ሰነዶቹን ራሳቸውን አይዝም። የማይክሮቲክ ራውተር ሁለት ዓይነት ቅጂ ይሰጣል። አንደኛው ለዚያው ራውተር ማስመለሻ የታሰበ ሲሆን ሁለተኛው በጽሑፍ የሚወጣና ወደ ሌላ ራውተር ለመውሰድ የሚመች ነው። የጽሑፉ ቅጂ የራውተሩን አስተዳዳሪዎች የይለፍ ቃል ስለማይዝ ያ ለብቻው መመዝገብ አለበት። ባለሙያው ሁለቱንም አውጥቶ እንዲያስረክብ መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው።

ሜርስክን ያዳነው የመብራት መጥፋት

የሴቲንግ ቅጂ በተሳሳተ ቦታ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከታየባቸው አጋጣሚዎች ትልቁ የደረሰው አስመጪዎች ሁሉ ስሙን በሚያውቁት ኩባንያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክ ኖትፔትያ በሚባል አጥፊ ፕሮግራም ተመታ። ፕሮግራሙ የተሠራጨው በዩክሬን ለሂሳብና ለግብር ሥራ በሰፊው በሚያገለግል ኤም.ኢ.ዶክ የተባለ ሶፍትዌር ማሻሻያ በኩል ነበር። የኩባንያው የቦርድ ሊቀመንበር የነበሩት ጂም ሃገማን ስናቤ በ2018 ዳቮስ ላይ እንደተናገሩት 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒዩተሮች በአሥር ቀን ውስጥ እንደ አዲስ መጫን ነበረባቸው። ኩባንያው ጉዳቱን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ዋየርድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2018 ባወጣው ሰፊ ዘገባ እንደገለጸው፣ የኩባንያው የአብዛኞቹ ሰርቨሮች ሰነድ ቅጂ ተገኝቶ ነበር። ያልተገኘው ዶሜን ኮንትሮለር የሚባሉት ማሽኖች ቅጂ ነው። እነዚህ ማሽኖች ማን ሠራተኛ እንደሆነና ማን ወዴት መግባት እንደሚፈቀድለት የሚወስኑ ናቸው። ቁጥራቸው ወደ 150 ይደርስ ነበር፤ እርስ በርስ እየተገለባበጡ ስለሚሠሩም አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ታምኖባቸው ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በመጨረሻ የተረፈ አንድ ብቻ ተገኘ፤ እርሱም ጋና ውስጥ። ያዳነው ልዩ ጥበቃ አልነበረም። ከጥቃቱ ቀደም ብሎ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ከኔትወርኩ ተለይቶ ስለነበር ነው። የኢንተርኔቱ መስመር ቀጭን በመሆኑ ቅጂውን ወደ እንግሊዝ በመስመር መላክ ቀናት የሚፈጅ ሆነ። ከጋና ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ ያለው አልተገኘም። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ እዚያም አውሮፕላን ማረፊያ ለጠበቀው የሥራ ባልደረባው አስረከበ፤ እርሱም ለንደን አደረሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ጎልቶ ይወጣል። ሌሎቹ ቅጂዎች ሁሉ በአንድ ገመድ ተያይዘው ስለነበር እንደ አንድ ቅጂ ጠፉ። የተረፈው አንዱ ከገመዱ ስለወጣ ብቻ ኩባንያውን አዳነ። ስለዚህ ቅጂ ሲቆጠር የፋይሉን ብዛት ሳይሆን አንድ አደጋ በአንድ ጊዜ ሊደርስባቸው የማይችሉ ቦታዎችን ብዛት መቁጠር ያስፈልጋል።

አምስት ቦታዎች፣ አምስት ሚዛን

በዚህ ሚዛን ነጋዴው የሚያውቃቸውን የማስቀመጫ ቦታዎች አንድ በአንድ መመዘን ይቻላል።

አንደኛው እዚያው ሰርቨር ውስጥ ያለ ሌላ ዲስክ ነው። ሬይድ የሚባለው አሠራር ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር እንዲጽፉ ያደርጋል። አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ሥራ አይቆምም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ሠራተኛ በስህተት ፋይል ሲያጠፋ ከሁለቱም ይጠፋል። ሌባም ሣጥኗን ሲወስድ ሁለቱንም ዲስክ ይወስዳል። ስለዚህ ሬይድ ሥራ እንዳይቋረጥ ይረዳል እንጂ መጠባበቂያ አይባልም።

ሁለተኛው በሰርቨሩ ላይ ተሰክቶ የሚውል ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ነው። ከሰርቨሩ ዲስክ መበላሸት ያድናል። ሆኖም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲገባ የተሰካውን ዲስክም አብሮ ይቆልፋል። ገልብጦ መንቀልና መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ከዚህ አደጋ ይጠብቃል፤ ከእሳት ግን አይጠብቅም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው ቃጠሎ ያሳየው ይህንኑ ነው። እሳት ሱቅ ውስጥ ሲገባ ኮምፒዩተሩን ከመሳቢያው አይለይም። ከዚህ በተጨማሪ ፍላሽ ለዓመታት ኃይል ሳያገኝ ከተቀመጠ የያዘውን ሊያጣ ስለሚችል ለረዥም ጊዜ ማስቀመጫነት አይታመንም።

ሦስተኛው ሌላ ሕንፃ ነው፤ የባለቤቱ መኖሪያ ቤት፣ መጋዘኑ ወይም የቅርብ ዘመድ ቤት። ሰርቨሩ ያለው መኖሪያ ቤት ከሆነ ቅጂው ወደ ሱቅ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ለሀገራችን ነጋዴ እጅግ የሚመች መፍትሔ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ሁለት ዲስክ ገዝቶ አንዱ ሲመጣ ሌላው እንዲሄድ በየሳምንቱ ማመላለስ ነው። ድካሙ አለው፤ ሰው ይረሳል። ስለዚህ ቀኑ መቆረጥ፣ ኃላፊውም በስም መታወቅ አለበት።

አራተኛው ክላውድ ነው፤ ማለትም በኢንተርኔት በኩል በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ። ከሱቅ እሳትና ከሌባ ያድናል። ለሴቲንግ ፋይል ደግሞ ጎግል ለአንድ ሰው በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። በመጀመሪያ፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር ራሱን የሚያመሳስል ማኅደር እንደ መጠባበቂያ መቆጠር የለበትም፤ እዚህ የጠፋው እዚያም ይጠፋልና። በጎግል ድራይቭ መጣያ ውስጥ የገባ ፋይል ከ30 ቀን በኋላ ተጠርጎ ይወጣል። ሁለተኛ፣ መስመሩ ሊዘጋ ይችላል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል፤ ቅጂው ክላውድ ላይ ብቻ ላለው ነጋዴ ያ ጊዜ መዝገቡ የተዘጋበት ጊዜ ነው። ሦስተኛ፣ ሰነዱ በዝቶ ክፍያ ሲመጣ በውጭ ምንዛሪ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር የሚከፈል አገልግሎት በብር ሲተመን እንዴት እንደናረ አስመጪው ያውቀዋል። በብር የሚከፈልበትን የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድን የመሰለ የአገር ውስጥ አገልግሎት ማነጻጸር ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ክላውድ ማለትም ቢሆን የሆነ ቦታ ያለ ሕንፃ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የኦቪኤች ክላውድ የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል አንድ ሙሉ ሕንፃ ወድሟል። ዋናውንም መጠባበቂያውንም እዚያው ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። በ2023 የሊል ከተማ የንግድ ፍርድ ቤት ቅጂው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ተቀምጦ ለተቃጠለበት ደንበኛ ካሣ እንዲከፈል ወስኗል። ካሣው ግን የጠፋውን መዝገብ አልመለሰም።

አምስተኛው ወረቀት ነው። ያረጀ ቢመስልም ለሴቲንግ የሚያስንቅ አይደለም። የራውተሩ መግቢያ፣ የሶፍትዌሩ ስሪትና የፈቃድ ቁጥር፣ የኔትወርኩ አድራሻዎች፣ የእያንዳንዱ ማሽን ስምና ሥራ በሁለት ገጽ ይጠቃለላሉ። መብራት ቢጠፋ፣ ኢንተርኔት ቢዘጋ ወረቀት ይነበባል። ቦታው ከቤቱ ካርታና ከንግድ ፈቃዱ ጎን ነው።

ምስጢሩስ?

ሴቲንግ ከሌላ ሰነድ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። በውስጡ የይለፍ ቃልና የመግቢያ ቁልፍ ስላለ ያገኘው ሰው የንግዱን በር ከፍቶ መግባት ይችላል። ከቤት ወጥቶ የሚሄድ ማንኛውም ዲስክ፣ ወደ ክላውድ የሚላክ ማንኛውም ፋይል አስቀድሞ መቆለፍ፣ ማለትም ኢንክሪፕት መደረግ ይኖርበታል።

ወጣት ባለሙያዎች የሴቲንግ ፋይልን ጊትሃብ በሚባለው የፕሮግራም ሠሪዎች ማከማቻ ላይ ማስቀመጥ ይወዳሉ። አሠራሩ የትኛው ትእዛዝ መቼ እንደተለወጠ መዝግቦ ስለሚይዝ ጠቃሚ ነው፤ ከ2019 ወዲህም ለሌላ ሰው የማይታይ ማከማቻ በነፃ ይገኛል። አደጋው በስህተት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ሲገኝ ነው። የይለፍ ቃል አንዴ ከገባ በኋላ ቢሰረዝ እንኳን በታሪክ መዝገቡ ውስጥ ይኖራል። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው ፋይሉን መሰረዝ አይደለም፤ የይለፍ ቃሉን ራሱን መለወጥ ነው።

የብዙዎች ስህተት የሚመጣው ግን ከመቆለፉ በኋላ ነው። ቅጂው ተቆልፎ ሌላ ሰፈር ይቀመጣል፤ የመክፈቻው ቃል ግን እዚያው ሰርቨር ውስጥ ይጻፋል። የክላውዱ ይለፍ ቃልም እዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ይቀመጣል። ሰርቨሩ ሲሞት ቁልፉ አብሮ ይቀበራል። ሣጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ውስጡ እንደ መተው ነው። ስለዚህ የመክፈቻው ቃል በወረቀት ተጽፎ፣ በታሸገ ፖስታ ከሰርቨሩም ከቅጂውም በተለየ ሦስተኛ ቦታ መቀመጥ አለበት። ባለቤቱ ቢታመም ወይም ከሀገር ቢወጣ ፖስታውን የሚከፍት አንድ የሚታመን ሰው፣ ባለቤትም ሆነ ወንድም ወይም ሸሪክ፣ ሊያውቀው ይገባል።

ያልተሞከረ ቅጂ

ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰበት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። አንድ ባለሙያ ደክሞት ሳለ በሌላ ማሽን ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ሰርቨር 300 ጊጋባይት ያህል መረጃ ሰረዘ። ኩባንያው በርካታ የመጠባበቂያ ዘዴዎች ነበሩት። በየጊዜው ይላክ የነበረው ቅጂ ሲታይ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ምክንያቱ የሶፍትዌር ስሪት አለመጣጣም ነበር። አለመሥራቱን የሚያስጠነቅቀው ኢሜይልም ለሠራተኞቹ አልደረሰም። ያዳናቸው አንድ ባለሙያ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው።

ያን ያህል ባለሙያ ያለው ኩባንያ ከተሳሳተ የአንድ ሱቅ ሰርቨር እንደማይሳሳት ማን ዋስ ይሆናል? ማረጋገጫው አንድ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ዋናው ሰርቨር እንደሌለ ተቆጥሮ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከቅጂው ብቻ ሥራ ለማስጀመር መሞከር። ሙከራውን ሰርቨሩን ያልዘረጋ ሌላ ባለሙያ ቢያደርገው ይመረጣል። እርሱ ባለቤቱን ሳይጠይቅ በወረቀቱና በዲስኩ ብቻ ከጨረሰ ቅጂው ሙሉ ነው። የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የጎደለውን ያሳያል።

ሂሳቡ ሲጠቃለል

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮህ ያስፋፉትና በዓለም ዙሪያ የተለመደው «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚባል ደንብ አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ ከሦስቱ አንዱ ከቤት ውጭ ማለት ነው። ለአንድ አነስተኛ ንግድ ይህ ሲተረጎም ዋናው በሰርቨሩ ላይ፣ ሁለተኛው ተነቅሎ በሌላ ሕንፃ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ተቆልፎ በክላውድ ላይ፣ ቁልፉና የሁለት ገጹ ማስታወሻ ደግሞ በወረቀት ይሆናል። የሰነዱ ቅጂ በየዕለቱ ወይም በየሳምንቱ ይወሰዳል። የሴቲንጉ ግን ባለሙያ መጥቶ አንድ ነገር በነካ ቁጥር፣ የእጅ ዋጋው ከመከፈሉ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል። ክፍያውን ከቅጂው ርክክብ ጋር ማያያዝ ባለሙያውም እንዳይረሳ ያደርጋል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ወጪ የሁለት ዲስኮች ዋጋና በወር ጥቂት ሰዓት ነው። የእሳት መድን የገዛ ነጋዴም ውሉን ገልጦ ቢያነብ አይከፋም። መድን ዕቃውን ሊተካ ይችላል፤ ማን ምን ያህል እንዳለበት፣ የትኛው በር በየትኛው ቁልፍ እንደሚከፈት ግን የሚነግረው የለም።

አባቶች የዱቤ መዝገባቸውን ማታ ማታ በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ቤት ይወስዱ የነበረው ሱቁ ቢቃጠል መዝገቡ እንዲተርፍ ነው። መዝገቡ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ ያ ልማድ ተረሳ። አደጋው ግን አልቀረም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬ ማታ ሱቁን ከመዝጋት በፊት «ይህ ቤት አሁን ቢቃጠል ነገ በምን እሠራለሁ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። መልሱ እዚያው ቤት ውስጥ ካለ ቅጂው ገና ቦታውን አላገኘም።